የሽማግሌው ዶቅዶቄና የተሰባበረ ዕቃ መደርደሪያ

አብዛኞቻችን ይህን ፊልም የምናውቀው በቁራጭ ነው። አንድ ሽማግሌ ጨው ብቻ በሆነ ነጭ ሜዳ ላይ፣ እንደ ዓሣ በሾለ ቀይ ዶቅዶቄ ላይ ተጋድሞ ይበራል። ከሥሩ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ያስገቡበታል፣ በላዩ ደግሞ "ህልምህን ተከተል፣ ዕድሜ ቁጥር ነው" የሚል ጽሑፍ ያልፋል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ለእኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት ሰው ተልኮልኛል። አንዷ ደማም ያለች የአገሬ ልጅ ናት፤ "አንቺም አትተኚ!" ብላ ጽፋበታለች። መልእክቱ የደረሰኝ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ገና የእንግዳ ሳህን እያጠብኩ ነበር።

የፊልሙ ስም "ዘ ወርልድስ ፋስተስት ኢንዲያን" ነው። የህንድ ፊልም እንዳይመስላችሁ። አንዷ ጓደኛዬ ስሙን ሰምታ ዘፈንና ጭፈራ ስትጠብቅ ቆይታ በመጨረሻ እኔ ላይ ተቆጥታለች። ኢንዲያን የዶቅዶቄው ስም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ፣ ከነሃርሌይ ጋር የሚፎካከር ሞተር። ሽማግሌው በርት መንሮ ይባላል፤ የኖረ ሰው ነው። በ1899 ኒውዚላንድ ተወለደ፣ በ1978 ሞተ። ዶቅዶቄውን የገዛው በ1920 ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፤ እዚህ የምንቆጥረው እሱን ስለሆነ።) ፊልሙን በ2005 የሠራው ሮጀር ዶናልድሰን ቀደም ብሎ በ1971 ሽማግሌው በሕይወት እያለ ስለ እሱ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ስለዚህ በወሬ የሰማውን ሳይሆን የሚያውቀውን ሰው ነው ያቀረበልን። በርትን ሆኖ የሚጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው፤ እሱ ፊቱን ብቻ እያሳየ ቢቀመጥም አይሰለችም።

እኔ ሙሉውን ያየሁት በአራት ሌሊት ከፋፍዬ ነው፤ ከዚያ አንድ ዓርብ ደገምኩት። ጥሩ ፊልም ነው፣ እዩት። ግን ቁራጩ የሚለውን ነገር ፊልሙ አይልም። ፊልሙ ራሱ ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለ። በሁለቱም ላይ የምለው አለኝ።

ምርጡ ክፍል ጨው ሜዳው አይደለም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። በርት በጎጆ ይኖራል፤ አልጋው እዚያ፣ ምድጃው እዚያ፣ ዶቅዶቄውም እዚያው። ግቢው በሣር ተውጦ ጎረቤት ያማርራል፤ እሱ ማለዳ ሞተር አስነስቶ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። የጎረቤት ልጅ ከጎጆው አይጠፋም። ዳይሬክተሩ በዚህ ልጅ በደንብ ተጠቅሞበታል፤ ልጁ የሚጠይቀው እኛ ልንጠይቅ የፈለግነውን ነው፣ ስለዚህ ስለ ሞተር ምንም የማታውቅ ሰውም አይጠፋባትም። በርት አሮጌ ፒስተን አቅልጦ አዲስ ፒስተን ያፈስሳል፤ መግዣ የለውማ። የጎማውን ጥርስ በኩሽና ቢላ ይልጣል። የነዳጅ ጋኑ ክዳን የብራንዲ ጠርሙስ ቡሽ ነው።

ይህ ለማሳቅ የተጨመረ እንዳይመስላችሁ። እውነተኛው ሰውዬም ብረት የሚያፈስሰው በአሮጌ ጣሳ ነበር። ቢየላውን ከአሮጌ የትራክተር ዘንግ ሞርዶ አውጥቷል። 600 ሲሲ የነበረውን ሞተር በእጁ እያሰፋ 950 አድርሶታል። ከፋብሪካ ሲወጣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሞተር በ1967 ወደ 296 ኪሎ ሜትር ሄደለት። ያን ጊዜ ሰውዬው 68 ዓመቱ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ጣሳው እንግዳ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባች ታውቀዋለች፤ የዘይት ጣሳ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ደግሞ የፈረሰ መኪና በየክፍሉ ተገንጥሎ ሌላ መኪና ያድናል። ሰማያዊና ነጩን ላዳ ታክሲ አስቡት። የሠራው አገር ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈርሶ፣ ላዳው ግን አዲስ አበባ ላይ ስንት ዓመት ሰው ሲያመላልስ ኖረ። ያቆየው የሰፈር መካኒክ ነው። ለእሱ ፊልም የሠራለት የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ፤ በርትን ከእኛ መካኒክ የሚለየው ምንድን ነው? ብልሃቱ አንድ ነው፣ ችግሩም አንድ ነው። የእኛው መካኒክ የሚሠራው ላዳው ነገ ጠዋት ሥራ እንዲወጣ ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በርትን ግን ማንም አላዘዘውም። ዶቅዶቄው ቢቆምም የሚራብ ልጅ ፊልሙ ውስጥ የለም። እሱ የሚሠራው ስለፈለገ ነው። እኔን ፊልሙ የያዘኝ እዚህ ላይ ነው እንጂ ፍጥነቱ ላይ አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ እጄ አያርፍም፤ አሥር ዓይነት ሥራ እችላለሁ፤ ግን ማንም ሳያዘኝ፣ እኔ ስለፈለግሁ ብቻ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራሁት ነገር ምን እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ማሰብ ነበረብኝ። እናንተም ሞክሩት እስቲ።

አሁን ወደ ተደበቀው ልምጣ። ዶቅዶቄ በገንዘብ ይሠራል፤ ገንዘብ ከሌለ በጊዜ ይሠራል። በርት ገንዘብ አልነበረውም ስንል ጊዜ ነበረው ማለታችን ነው። ዶቅዶቄውን መለወጥ የጀመረው በ1926 ነው፤ እስከ 1967 ድረስ ከ40 ዓመት በላይ። ቀን ቀን ሞተር ሳይክል እየሸጠ ሌሊት ሲሠራ ኖረ፤ በኋላ ሥራውንም ተወው። ፊልሙ ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ጨፍልቆታል፤ ሽማግሌው በመርከብ ምግብ አብሳይ ሆኖ አሜሪካ ይሻገራል፣ ዩታ ቦንቪል የሚባለው የጨው ሜዳ ይደርሳል፣ ያሸንፋል። እዚያ ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዱታል። እውነቱ ግን ደጋግሞ እየተመለሰ ነው የሮጠው፤ በ1962 ሪከርድ ያዘ፣ በ1966 ያዘ፣ በ1967 ያዘ። ቁጥሩን ከፍ ማድረጋቸው አያናድደኝም፣ ፊልም ነው። ዓመታቱን ማሳነሳቸው ግን ያናድደኛል። ቁራጩን ቆርጦ የሚልክልን ሰው "አትተኚ" የሚለን ከዚህ ተነስቶ ነው፤ አንድ ጊዜ ደፍሮ መነሳት የሚበቃ አስመስሎታል።

ጊዜው ደግሞ ከየት መጣ? በርት መንሮ ሚስት ነበረችው፣ አራት ልጆችም ነበሩት፤ በኋላ ተለያይተዋል። ፊልሙ ላይ አንዳቸውም አይታዩም። ብቻውን የበቀለ ሽማግሌ ይመስላል። እኔ ፊልም ሳይ ዓይኔ ሳይታዘዝ ወደ ሳህን ይሄዳል፤ ይህን ኩባያ ማን አጠበው፣ ይህን አንሶላ ማን ቀየረው እላለሁ። አራት ልጆች በተወለዱበት ቤት ሌሊት ሌሊት ብረት የሚሞርድ ሰው ካለ፣ በዚያው ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ያባበለች ሴት አለች። እሷን ማሳየት ፊልሙን አያበላሸውም ነበር፤ ያከብደው ነበር እንጂ። ሌላም አለ። የ1967ቱ ሪከርድ ሲመዘገብ የሂሳብ ስህተት ነበረበት፤ ሰውዬው ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ በ2014 ታርሞ ትንሽ ከፍ አለ። ስህተቱን ያየው ማን ነው? ፊልሙ ያላሳየን ወንድ ልጁ ነው።

በመንገዱ ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ ሁሉም ደግ ናቸው። የሞቴሉ ሠራተኛ ትረዳዋለች፤ ተጎታቹ ሲሰበርበት ባሏ የሞተባት ሴት መሥሪያና ማደሪያ ትሰጠዋለች፤ አገር ቤት የቀረችውም ትናፍቀዋለች። እሱ አመስግኖ ይሄዳል። ሆፕኪንስ ፈገግታው ልብ ስለሚያቀልጥ ሲያዩት ምንም አይመስልም። በሁለተኛው ዙር ሳየው ግን አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ይህ ሰው በድህነት የሠራው በብዙ ሰው ቤት፣ በብዙ ሰው ምግብና በብዙ ሰው ጊዜ ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ እኛም እዚህ የምንኖረው እርስ በርስ ተደጋግፈን ነው። "ብቻውን አደረገው" የሚለው ቁራጭ ነው ነውሩ።

ከሁሉ በላይ ጎጆ ነበረው። እኔ የምኖረው ኮበር፣ ራካ ውስጥ ነው። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ናት፤ በሯ ቁልፍ የላትም፤ ማታ ተኝቼ ማሽኑ ሲዞር ግድግዳው ይነግረኛል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ቤቱ የተሠራው እንዲህ ሆኖ ነው። በ2013 የወጣው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍትና በሳምንት አንድ ቀን ይል ነበር። የዕረፍት ቀን የምታገኝ እህት አለች፣ በአሥራ አንድ ወር አንዴ የወጣችም አለች። ፒስተን የሚያፈስስ ሰው ግን የጀመረውን ዛሬ ትቶ ነገ ሳይነካ የሚያገኝበት ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ሹራብ የምትሠራዋ ጓደኛዬ ክሯን በትራስ ልብስ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፤ ሁልጊዜ ስትጀምር መጀመሪያ መፍታት ነው። ህልም አላነሳትም፤ መደርደሪያ ነው ያነሳት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለፊልም ፍቅር ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። አሮጌ ያማሃ አግኝቷል፤ ኤጂ 100 የሚባለው፣ በገጠር የግብርና ሠራተኞች ሲነዱት ያየነው ዓይነት። ዓመታት ዝናብ ሲመታው የቆመ ነው። ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ መቀመጫውን አስረዝሞ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ በየዶ ሊሠራበት ፈለገ። የጠየቀኝ የሁለት ወር ደሞዜን ነው። እናቴ "ለቆሻሻ ብረት ነው የምትልኪው?" ብላ ተቆጣች፤ እሷ የጣሪያው ቆርቆሮ እንዲቀየር ነው የምትፈልገው። በመሃል ሆኜ ፊልሙን ለወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለትና ምን ትላለህ አልኩት።

የመካኒክ ትችት ከእኔ ይሻላል። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሊብሬው የታለ?" ብሎ ነው። አሮጌ ሞተር ስትገዢ ቀድሞ የሚታየው ሞተሩ አይደለም አለኝ፤ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠሙ ነው። ካልገጠመ የገዛሽው ብረት ነው። ሁለተኛ፣ በርት ዕቃውን ሁሉ በእጁ የሚሠራው ዕቃ ስለሌለው ነው፤ ደሃ ግን ዕቃው በሰፈሩ ሱቅ የሚገኝ ሞተር ይግዛ፣ ያማረ ግን ብርቅ የሆነውን አይንካ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ነገረኝ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ የመሪው ኩሽኔታ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ተከፍቶ ፒስተኑና ሲሊንደሩ፤ ቀጥሎ ካርቡራተር፣ ካንዴላና ሽቦ። ቀለም በመጨረሻ። "ብዙ ልጆች ከቀለሙ ይጀምራሉ፤ የሚታየው እሱ ነዋ። ብሩ እዚያ ያልቅና ፍሬን ሳይገዛ ይቀራል" አለ። ቡሹን ሲያይ ግን ስቋል፤ የድምፅ መልእክቱ ላይ ይሰማል።

ከፊልሙ ጋር በጣም የተጣላነው በአንድ ቦታ ነው፣ እሱም እኔም። ጨው ሜዳው ላይ ተቆጣጣሪዎች ዶቅዶቄውን ይፈትሻሉ። በቂ ፍሬን የለውም፣ የሚያቆመው ፓራሹት የለውም፣ ጎማው ያረጀ ነው፣ ሰውዬውም እሳት የሚከላከል ልብስ የለውም። ትዕይንቱ የተሠራው እንድንስቅና በተቆጣጣሪዎቹ እንድንናደድ ነው፤ በመጨረሻ በልመናና በፈገግታ ይረታሉ። በርት ቢወድቅ ብቻውን ነው የሚወድቀው፣ ሜዳው ባዶ ነው። የእኔ ወንድም ግን ሐረጎን ነው የሚወርደው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደች ሁሉ ያንን ጥምዝምዝ ታውቀዋለች፤ ከላይ አይሱዙ ይመጣል፣ ከታች ገደል ነው፣ ከኋላው ሰው ጭኗል። የጎማ ጥርስ በቢላ የሚላጥ ሰው እዚያ ጀግና አይባልም። ፊልሙ ራሱ የበርት እግር በማርሚታው ሲቃጠል ያሳየናል፣ ግን እንደ ቁስል ሳይሆን እንደ ሜዳልያ ነው የሚያሳየን። "በትንሽ ብር ሠራው" ሲባል ትንሹ ብር ከየት ላይ እንደተቀነሰ ማየት ነው። ከቀለም ቢቀነስ ብልሃት ነው፤ ከፍሬን ቢቀነስ ግን ብልሃት የሚባል አይደለም።

ብሩን በሦስት ከፍዬ ለመላክ ተስማማን። የመጀመሪያው ለሞተሩ ግዢና ለሊብሬው ስም ማዛወሪያ፣ ሁለተኛው ለፍሬንና ለጎማ፣ ሦስተኛው ሁለተኛው ደረሰኝ ከመጣ በኋላ። ቀለሙን ከራሱ። ለእናቴም የቆርቆሮው ተራ ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነግሬያታለሁ፤ እስካሁን እያኮረፈች ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ፣ በዚሁ በምንኖርበት አገር የተሠራ ሌላ የጎማ ፊልም አለ፤ "ዋጅዳ"፣ በ2012 የወጣ። ሙሉ በሙሉ ሳውዲ ውስጥ የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፤ የሠራችው ሃይፋ አል መንሱር ናት። ሪያድ መንገድ ላይ ከወንዶች ጋር ቆማ ማዘዝ ስለማትችል መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ ነው የመራችው። ታሪኩ ብስክሌት የፈለገች ልጅ ነው፤ አረንጓዴ ብስክሌት፣ ዋጋው 800 ሪያል። ይህ ፊልም ሪያል ይቆጥራል። የእጅ አምባር ሸጣ ስንት፣ ደብዳቤ አድርሳ ስንት፣ ምን ያህል እንደቀራት ሁልጊዜ እናውቃለን። በበርት ፊልም ገንዘቡ ከደግ ሰው እጅ ብቅ ይላል፤ የባሕር ዳርቻው ጎረምሶች እንኳ ከተፎካከሩት በኋላ ብር ያዋጡለታል። በዚህ በኩል ዋጅዳ ትበልጥብኛለች። ግን እሷም ላይ የማልስቅበት ቦታ አለ። ኢቅባል የሚባል ስደተኛ ሹፌር አለ፤ የዋጅዳን እናት የሚያመናጭቅ። ልጆቹ ቤቱ ድረስ ሄደው ከአገር እንደሚያስባርሩት አስፈራርተው ያስታርቁታል። ተመልካች እዚያ ላይ ይስቃል። ኢቃማ ኪሷ ውስጥ ይዛ የምትንቀሳቀስ ሴት አትስቅም። በሕፃን አፍ የወጣች "አስባርርሃለሁ" የምትል ቃል አንድ ትልቅ ሰው እንዴት እንደምታሳንስ ፊልሟ አላስተዋለችውም።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ተቀይሯል። ከሰኔ 2018 ጀምሮ ሴቶች መኪናም ሞተርም መንዳት ተፈቅዶላቸዋል። ሐሙስ ማታ ልጆቹን ይዤ ኮበር ኮርኒሽ ስንወጣ ትልልቅ ሞተሮች ያልፋሉ፤ አንድ ጊዜ ከሄልሜት ሥር የወጣ ረጅም ሹሩባ አይቼ ልጆቹን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሞተር ቡሽ የለበትም፣ ሁሉ ነገሩ ያብረቀርቃል። ልጅቷ ግን ያልፈታችው ሞተር ነው ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ምቀኝነት ይሁን እንጃ።

ወደ በርት ልመለስና ልጨርስ። ጎጆው ውስጥ አንድ መደርደሪያ አለ። በላዩ ላይ የፈነዳ ፒስተን፣ የተሰበረ ቢየላ፣ የተቃጠለ ዕቃ ተደርድሯል፤ ከበላዩ "ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መባ" የሚል ጽሑፍ አለ። የዳይሬክተሩ የ1971 ዘጋቢ ፊልምም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ካሜራው መደርደሪያው ላይ ብዙ አይቆይም። ከፊልሙ ሁሉ ለእኔ እውነተኛው እሱ ነው፤ 40 ዓመቱ የተደረደረው እዚያ ነው፣ ያልተሳካው ሌሊት ሁሉ። ቁራጭ የሚቆርጡት ሰዎች ይህንን ቢቆርጡልን ኖሮ ሙዚቃም አያስፈልገውም ነበር።

ፊልሙ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። በአንድ ቁጭታ ማየት የምትችሉ ታድላችኋል። የማትችሉ ከመጀመሪያው ጀምሩና መደርደሪያው ሲመጣ አቁሙት፤ ስልኩን ጠጋ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ዕቃ እዩት።